ያልተመዘገበ ንብረት

ሦስት ሽማግሌዎች ንብረት ሲያካፍሉን፣
ቁምሳጥኑ ለእሱ፣ ለእሷ ሁለት ወንበር ብለው ሲያስፈርሙን፣
ቴሌቪዥኑ ተቆጠረ፣ ብርድ ልብሱ ተቆጠረ፣
የቀበሌው ጸሐፊ እስከ ሻይ ማንኪያው ዘረዘረ።
የቅመሙን መደርደሪያ ግን ማንም አላነሳው፤
ሽማግሌ ድስቱን ነው የሚያውቅ፤ ውስጡን ማን አስታወሰው።
እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ከኩራት ነበረ፣
የአሥራ ሦስት ዓመት እጄ እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ቀረ።

ጠባሴ አንድ ክፍል ተከራየሁ። የበሩን ስንጥቅ በጋዜጣ ደፈንኩ፣
የመጀመሪያውን ሽሮ ጣድኩ፣ አማሰልኩ፣ ቀመስኩ።
ጨው አለው፣ ዘይት አለው፣ በርበሬም ለስሙ፤
ግን ሰው ያልገባበት አዲስ ቤት ይመስላል ጣዕሙ።

ቅዳሜ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣
የሱፉን ብናኝ ከሻሼ አራግፌ፣ ገበያ ገባሁ ጉሙን ገፍቼ።
እትዬ ወርቅያንሷል በአይሱዙ ነው የሚመጡት፣ ጣርማ በርን በንጋት አልፈው፣
ማዳበሪያ አንጥፈው፣ የከረጢቱን አፍ ሁሉ ፈተው አሰልፈው።

«ምን ልስጥሽ?»
«ሁሉንም። ከምንም ነው የምጀምር።»
ቀና ብለው ጣቴን አዩ፤ ቀለበት የነበረበትን ነጭ መስመር።
«ሁሉንም የገዛ» አሉኝ፣ «ሻጋታ ነው የሚያተርፍ፤
ቅመም ነፋስ ካገኘው ስሙ ብቻ ነው የሚተርፍ።»
ኮረሪማውን በጆሮዬ ሥር አንድ በአንድ ነቀነቁ፤
የሚንኳኳውን ወደ ጎን አሉት፤ ዝም ያለውን መረቁ።

ጥቁር አዝሙድ በሲኒ፣ ነጭ አዝሙድ በእፍኝ፣
ኮሰረት አንድ እስር፣ ቅቤ የምገዛበት ቀን ሲመጣልኝ፤
ጥምዝ ሰባት ፍሬ፤ ቅርንፉድ ተወዶ፣ ቆነጠሩልኝ በይሉኝታ፤
አብሽ፣ እርድ፣ ድንብላል፤ በሶብላ ከነአበባው፤ ጤና አዳም በስጦታ።
ዝንጅብሉ ላይ ተከራከርን። ጭቃውን አራግፉልኝ አልኩ፤
«ጭቃውም መንገድ ተጉዟል፣ ሒሳብ አለው» ሲሉኝ፣ ከስንት ወር በኋላ ከሆዴ ሳቅኩ።

ብልቃጥ የለኝም። የማር ጠርሙስ፣ የቫዝሊን ዕቃ፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣
ጎረቤቴ ዘነቡ የሰጠችኝ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ፣ ክዳን ያጣው በላስቲክ ታስሮ።
አምሼ ለቀምኩ፣ አበጠርኩ፣ በድስት ክዳን አመስኩ፤
ሙቀጫ ተውሼ ወቀጥኩ።
የጎን ተከራይ ግድግዳውን መታ፤
ይቅርታ አልኩና ሦስት ጊዜ ጨመርኩ፣ ፍሬው እስኪፈታ።
ክፍሉ መሽተት ጀመረ። እኔን እኔን።

ማክሰኞ ማታ በሩ ተንኳኳ። ጌጡ ነው፣ ዝናብ መትቶት፣
ፌስታሉን እንደ ታመመ ዶሮ ደረቱ ላይ አቅፎት፤
ውስጡ የድሮ ብልቃጦቼ።
«ስም የላቸውም» አለኝ። «ሁሉም ቡናማ ነው።
ትናንት ወጡ ላይ የነሰነስኩት ምን እንደሆነ እንጃ፤
ምላሴን አደነዘዘው።»
ቅርንፉድ ነበር። ሳቄን በነጠላዬ ያዝኩት።

ግባ አላልኩት፣ ሂድም አላልኩት።
ደፉ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ በስክሪብቶ፣ በቁስል ፕላስተር ቁራጭ፣
አንድ በአንድ እየከፈትኩ፣ እያሸተትኩ ጻፍኩለት፦
አዝሙድ።
ድንብላል።
ቅርንፉድ፤ አንድ ፍሬ ይበቃል።
የእናትህ ኮሰረት፤ ከርሟል፣ ጣለው።
«ከርሟል» ስል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ፤
ቀድሞውንም ታስሮ ነበረ።

አንዱ ብልቃጥ ላይ እጄ ቆመ።
መከለሻዬ። በገዛ ልኬ ያሰናዳሁት፣
ምን ከምን ጋር፣ ስንት በስንት፣ ለእህቴ እንኳ ያልነገርኳት።
«ይሄስ?» አለ።
«ይሄ አልፎበታል» አልኩት።
አላለፈበትም ነበር።

አምኖኝ ሄደ፣ ፌስታሉ እየተንኳኳ፣ በጭቃው መንገድ ቁልቁል።
እኔም ብልቃጡን ከቫዝሊኑ ዕቃ ጎን አስቀመጥኩት፤
ፕላስተር ቆረጥኩ፣ ስሙን ልጽፍበት ስክሪብቶ አነሳሁ፤
ተውኩት።